ባዶ የሚለው ሰሌዳ

ሰኞ፣ የካቲት 9
ዛሬም ዌርሃውስ፣ መጋዘኑ ውስጥ። ፋርመርስ ብራንች ከተማ ውስጥ እንደኔ ፎርክሊፍት፣ ያን የዕቃ ማንሻ መኪና፣ የሚነዳ ካለ ይምጣና ይሞክረኝ! አሁን ደግሞ ማንበብ ተጨምሯል። የቸርቹን የማታ ትምህርት አንደኛ ወጥቼ ጨረስኩ… ማለቴ፣ አራት ነበርን። «ፊደሉን አንተ የፈጠርከው መሰለህ?» አለችኝ ሔለን። ሚስቴ ናት፤ ቅናት ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 12
እህቴ ታደለች ካገር ቤት ፎቶ ላከች። ወንዙ ዳር፣ የኛ መሬት ላይ ሰሌዳ ተተክሏል። እዚያ ፊደል የቆጠረ የለም። ከፎቶው ጋር ድምጿን ልካለች፦ «አባባ ‹ምን ይላል?› እያሉ ነው። አንብብላቸው።»
ባ…ዶ… መ…ሬት። ለባለ…ሀብት… የተሰጠ። ብቻዬን! ማንም ሳይረዳኝ! ጮቤ ረገጥኩ።
«ምን ይላል?» አለች ሔለን።
«ባዶ መሬት!» እየሳቅኩ።
እሷ አልሳቀችም። «እናትህ የት ነው የተቀበሩት?»
ፎቶውን እንደገና አየሁት። እዚያው ነው።

እሁድ፣ የካቲት 15
አስተማሪዬን ጋሽ ኃይሉን ከቸርች በኋላ ፓርኪንግ ላይ ያዝኳቸው። ሰሌዳውን አሳየኋቸው። አውስትራሊያም ባዶ መሬት ተብላ ነበር አሉ። እንግሊዞች መጥተው፣ ሰው የሌለበት ነው ብለው ወሰዱት። ነባሮቹ እያሉ! ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ባዶ አልነበረም አለ። መሬቱ በጥንት ልማዳቸው የነሱ መሆኑን ሕግ አወቀ።
«ለሁሉም?»
«ኧረ ለሁሉም አይደለም። ከመሬቱ ሳይለያዩ መቆየታቸውን ማስረዳት ነበረባቸው።»
«የሄደስ?»
መኪናቸውን ከፈቱ። «የሄደማ ይከብደዋል፣ ወንድሜ።»
ቀልድ ፈለግኩ። አጣሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 18
ታደለች ደወለች። መሬቱን ሊጠርጉት ነው። ወረቀት ያለው ያቅርብ ተብሏል። ከየት ይምጣ? ወረቀታችን መቃብሮቹ ናቸው…
ሰሌዳውን ለአባባ በስልክ አነበብኩላቸው።
«ባዶ? እኔ ቆሜ እያየሁት? ፍየሎቼስ?» ቀጠሉና፣ «አንተ ገና ተማሪ ነህ። በደንብ አንብበኸዋል?»
«ተሳስቼ ይሆናል፣ አባባ።»
እኔ! ተሳስቼ ይሆናል አልኩ። ምነው በሆነ…

ቅዳሜ፣ የካቲት 21
ዶዘሩ አለፈበት። የእማማም መቃብር የለም። ሰሌዳውን ነቅለው ወሰዱት፤ ከእንግዲህ አያስፈልግም። አባባ መቃብሩ የነበረበት ቁጭ ብለዋል፤ አልነሳም ብለዋል። ታደለች ስልኩን ሰጠቻቸው።
«ልጄ፣ ያ ባዶ የሚለው… ስንት ፊደል ነው?»
«ሁለት ነው፣ አባባ።»
«ሁለት ፊደል ብቻ? ለዚህ ሁሉ ሰው?»