ስደርስ የሚዘጋው ዘፈን

ሉማሜ፣ ረቡዕ ጥር 14

ዛሬም ጎረቤቴ ውዴ ገና ከሩቅ ስታየኝ የሻይ ቤቷን ዘፈን ዘጋች። ባለቤቴ ከሞተ አራት ወሩ ነው። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚሁ ነው፤ እኔ ስደርስ ሳቁም ዘፈኑም ቀጥ ይላል።

«ኧረ ተይ፣ ክፈቺው» አልኳት።

«እንዴ፣ አንቺ ሐዘን ላይ ሆነሽ? ሰው ምን ይለኛል!»

ክፉ አስባ አይደለም። እኔ ግን ደከመኝ፤ ይሄን ሁሉ ዝምታ ተሸክሜ የምዞረው እኔ ነኝ።

ከወፍጮ ቤት ስመለስ በጓሮ በኩል ዞርኩና ከሻይ ቤቱ የቆርቆሮ አጥር ጀርባ ቆምኩ። ማንም አላየኝም፤ ዘፈኑም አልተዘጋም። እስኪያልቅ ሰማሁት። ጥቁሩ ነጠላዬ መሬት ሲወድቅ ነው ትከሻዬ እስክስታ መጀመሩን ያወቅኩት።