ላሞቹ ብቻ የቀሩበት ምዕራፍ

ጥቅምት 6

ሰኞ። ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም። ደረጃውን እየተራገምኩ ወጥቼ፣ ላቤን ሳልጠርግ ስብሰባ ገባሁ።

የአገሪቱ የአየር ንብረት ዕቅድ ሊከለስ ነው። ኃላፊው ምዕራፎቹን እንደ ዳቦ አከፋፈለ። ኃይል ለአንዱ፣ ትራንስፖርት ለአንዱ፣ ደን ለሌላው። ሁሉም የየድርሻውን ይዞ ከተደላደለ በኋላ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ምግቡን ያዝ።»

«ምግብ ሲሉ... እርሻ ማለትዎ ነው?»

«ያው አይደል?»

ያው አይደለም አልኩት። በሰው ፊት። ሰዓቱን አየ። ይሄ ሰውዬ ሲናደድ ሰዓቱን ነው የሚያየው። ቀኑን ሙሉ ሲያየው ዋለ።

ጥቅምት 9

የድሮውን ዕቅድ አነበብኩ። ምግብ የሚለው ቃል መግቢያው ላይ አለ፣ ለጌጥ። ከዚያ ማዳበሪያ፣ መስኖ፣ ምርጥ ዘር... አጨዳ ላይ ሲደርስ ጭጭ። እህሉ ከማሳው ተነስቶ በርሮ አፋችን ውስጥ የሚገባ ይመስል።

ከገበያው ጀርባ ተከምሮ የሚበሰብሰው ቲማቲምስ? ከሱ የሚወጣው ጋዝስ? የሆስፒታል ወጥ ቤት ከየት ነው የሚገዛው? ልጆቹ ትምህርት ቤት ምን ይበላሉ? ከብቶቹስ? አንድ ቃል የለም። ሾላ በድፍን።

ማን ነው ይሄን የጻፈው ብዬ ጸሐፊዋን ጠየቅኳት።

«ኃላፊው ናቸዋ» አለች፣ ሳቋን እየዋጠች።

ጥቅምት 15

አማካሪ ቀጠሩልን። ከሰውዬው በፊት ሽቶው ገባ። ስሙን ይዤ ምን ያደርግልኛል፣ ሽቶ ብዬዋለሁ። አፉ ቅቤ ነው። የተዘጋጀ ረቂቅ ይዞ መጣ፤ «እናንተ የምትጨምሩበት ትንሽ ነገር ነው» አለን።

ምሳ ሳልበላ አነበብኩት። መሀል ላይ የሌላ አገር ስም ተረስቶ ቀርቷል። አሳየሁት። ሳቀ። «ጥሩ ዓይን አለህ ወንድሜ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ወንድሜ? ወንድምህን እዚያው ፈልግ።

ጥቅምት 19

እሑድ። እትዬ ጋ ሄድኩ።

ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከከተማው ዳር ግቢ አላት፣ ላሞች አሏት። ወተት ትሸጣለች። የተማርኩት በዚያ ወተት ነው።

ስደርስ ቦዩ ነጭ ሆኗል። ወተት እየደፋች ነበር። ወተት መሰብሰቢያው ጋ መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ቆሟል፣ የሚረከባት የለም። ባሏ ባዶውን ጀሪካን ይዞ አጠገቧ ቆሟል፣ እንደ ሁልጊዜው ዝም። እሷ የማትሰድበው ሰው አልነበረም። መብራት ኃይልን፣ የመሰብሰቢያውን ሰውዬ፣ ባሏን፣ እኔንም።

«እኔ ምን አደረግኩ?»

«መንግሥት አይደለህ?»

ይሄንኑ ልጽፍ ነው አልኳት። ማቀዝቀዣውን፣ መንገዱን። ደግሞ ላሞቹም... ሲያመሰኩ የሚያገሱት ጋዝ አየሩን ያሞቀዋል፣ ቢቻል ጥቂት ሆነው በደንብ ቢቀለቡ... አልጨረስኩም። ሳቀችብኝ። «ለላም ግሳት ነው ደሞዝ የሚከፍሉህ?»

ነገሩን በሳቅ አለፍነው። አስረግጬ መናገር ነበረብኝ?

ኅዳር 3

ምዕራፉን ጨረስኩ። ደስ ብሎኛል። ኋላ ላይ እንዳልቆጭ እዚህ ላስፍረው።

ማቀዝቀዣና መኪና፣ ምግቡ ሳይበላሽ ሰው ጋ እንዲደርስ። የትምህርት ቤትና የሆስፒታል ወጥ ቤቶች ከቅርብ ገበሬ እንዲገዙ። የተበላሸው ደግሞ ሜዳ ላይ ከሚጣል ማዳበሪያ እንዲሆን። ከብቱን በተመለከተ፣ ቁጥሩ እንዲቀንስ። ግን መጀመሪያ መኖ፣ መጀመሪያ ሕክምና፣ መጀመሪያ የተሻለ ዝርያ፤ ባለቤቱ አንዲት ላም ሲለቅ በሌላዋ ወተት እንዲካስ። «መጀመሪያ» የሚለውን ቃል ሆን ብዬ ደጋግሜዋለሁ።

ኃላፊው ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየው። «በዛ» አለ።

«ምኑ?»

ሰዓቱን አየ።

ኅዳር 10

ደሜ ፈልቷል።

ሽቶ ምዕራፌን በላው። ማቀዝቀዣው የለም። ወጥ ቤቶቹ የሉም። መኖው፣ ሕክምናው፣ «መጀመሪያ» የሚሉት ሁሉ ወጥተዋል። የቀረችው አንዲት አረፍተ ነገር ናት... የከብት ቁጥር ይቀነሳል። እሷም ራሷን ችላ አይደለም፤ የእርሻ ምዕራፍ ውስጥ ወሽቋታል።

«ለምን እሷን ብቻ ተዋት?» አልኩት።

«የምትለካው እሷ ናታ። ለጋሾቹ የሚለካ ነገር ይወዳሉ። ሌላው ወጪ ነው።»

ኃላፊው ቢሮ ዘው ብዬ ገባሁ። ስሜ አዘጋጅ ተብሎ ከላይ ተጽፏል፤ ቢያንስ እሱን ያውጡልኝ አልኩ።

«ባለሙያው አንተ አይደለህ እንዴ? የማንን ስም ላድርግ?»

«የቆረጠውን ሰው።»

«ድምፅህን ዝቅ አድርግ።»

አላደረግኩም። ጸሐፊዋ በሩን መጥታ ዘጋችው።

ኅዳር 17

ጠዋት ሬዲዮ ተናገረ። መንግሥት የከብት ቁጥር ሊቀንስ ነው። ከዚያ ስለ እግር ኳስ ቀጠለ።

ፊቴን ሳልታጠብ እትዬ ደወለች።

«ላሞቼን ልትወስድ ነው?»

«እትዬ፣ ስሚኝ...»

«ስምህን አይቻለሁ። የማኅበራችን ሰብሳቢ ወረቀቱን ይዞልኝ መጥቷል። አንተ ነህ አይደለህም?»

«ነኝ፣ ግን እኔ የጻፍኩት እንደዚያ...»

«ወተታቸውን ጠጥተህ ነው እዚያ ወንበር ላይ የወጣኸው! አታፍርም?»

ዘጋችው። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሰምታለች። «ሂድና አስረዳት» አለችኝ። ምን ብዬ?

ኅዳር 18

አላነሳችም።

ኅዳር 19

ሄድኩ። በሩን አንኳኳሁ። የባሏ ኮቴ መጣ፤ አልከፈተም።

«የለችም» አለ ከውስጥ።

«ድምጿን እየሰማሁ ነው እኮ።»

ቀስ ብሎ «የለችም በለው ብላኛለች» አለ። ምስኪን። ከኋላው «ምን ትለፈልፋለህ!» ስትል ሰማኋት።

ቆሜ ቀረሁ። ጎረቤቶቿ ወጥተው ያዩኛል። አንደኛዋ ምራቋን እንትፍ አለች። ለእኔ ይሁን ለመሬቱ... ለእኔ ነው።

ኅዳር 26

ኃላፊው ጠራኝ፤ ሻይ አዘዘልኝ። ሻይ! የምክክር ስብሰባ አለ፣ ሕዝብ ይጠራል፣ ረቂቁን የማቀርበው እኔ ነኝ። በደንብ ካቀረብኩ ለዓለም አቀፉ ጉባኤ ከሚሄዱት መሀል እሆናለሁ።

«እህትህ የወተት ሰዎቹ ጋ አለች አሉ» አለ ስኳሩን እያማሰለ። «ጥሩ ነው፤ ያምኑሃል።»

ለዚህ ነው የጠራኝ። ላሞቹን በእኔ አፍ ሊያስነዳ ነው።

እሺ አልኩት። ለምን እሺ እንዳልኩ ገና አላውቅም። ጉባኤውን ፈልጌ ነው? ትንሽ ፈልጌዋለሁ መሰለኝ። ሻዩን ግን አልጠጣሁትም።

ታኅሣሥ 2

አዳራሹ ጢም ብሏል። እትዬ ከፊት ተቀምጣለች፣ ሻርፗን አጥብቃ አስራ። የወተት ሰዎቹ ከኋላዋ። አንዴም ዓይኔን አላየችም። ሽቶ ፎቶ ያስነሳል።

ማይኩን ያዝኩ። የሽቶን ወረቀት ገለጥኩ። የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ፣ ሁለተኛው አልወጣልኝም። ወረቀቱን አስቀመጥኩት።

«ይሄ እኔ የጻፍኩት አይደለም» አልኩ። «የጻፍኩትን ላንብብላችሁ።»

ከኪሴ አውጥቼ አነበብኩ። ማቀዝቀዣውን። ወጥ ቤቶቹን። ስለ መኖው እያነበብኩ ሳለ ማይኩ ጠፋ። ኃላፊው ለቴክኒሻኑ በጣቱ ምልክት ሲሰጥ አይቼዋለሁ። ጮክ ብዬ ቀጠልኩ።

እትዬ ተነሳች።

«አንድ ነገር ልጠይቅ። ከብት ይቀነስ የሚለው ያንተኛው ውስጥ አለ ወይስ የለም?»

የለም ልላት እችል ነበር። እዚያው ያቅፉኝ ነበር። የቆረጡት እነሱ፣ የጨመሩትም እነሱ ብል... ማን ያውቃል? አየኋት። አሁን ዓይኔን እያየች ነው።

«አለ» አልኩ።

«አለ?»

«አለ እትዬ። መጀመሪያ መኖው፣ ሕክምናው... ግን አለ። ትክክል ነው ብዬም አምናለሁ።»

ከኋላ ጩኸቱ ፈነዳ። ከሃዲ አለኝ አንዱ። ሌላው እናቴን ሰደበ፤ የእሷም እናት እንደሆነች ረስቶ። እትዬ እጇን ወደኋላ ዘርግታ ዝም አሰኘችው።

«እንግዲህ ስማ» አለችኝ፣ ያለ ማይክ፤ እሷ ማይክ አያስፈልጋትም። «እኔ አሳድጌህ ላሞቼ በዙ ብለሃል። ይሄን ሳልረሳልህ እሞታለሁ።» ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞረች። «እርስዎ ደግሞ፣ እሱስ ቢያንስ ማቀዝቀዣ ብሎ ነበር። ማነው የሰረዘው? የመኖውን ማን በላው? ላሟን ብቻ አስቀርታችሁ ሌላውን የት አደረሳችሁት?»

ኃላፊው ሰዓቱን አየ።

«ሰዓትዎን ተዉትና ይመልሱልኝ!»

ሳቅ ሆነ፣ ከዚያ ጩኸት፣ ከዚያ ወንበር ወደቀ። የወተት ሰዎቹ ቃለ ጉባኤው ላይ ሳይፈርሙ ወጡ። ሁሉም። እሷም በአጠገቤ አልፋ ወጣች። የላም ቤቱ ሽታ ሸተተኝ፣ ልብሷ ላይ።

ታኅሣሥ 4

ምድር ቤት አውርደውኛል። ሥልጠና ክፍል ነው ስሙ። የሚሠለጥን የለም። የተሰባበሩ ወንበሮች፣ የውሃ ቧንቧ የሚያንጠባጥብበት ጥግ፣ የማይነሳ ስልክ። ጉባኤውን ውሃ በላው። ሽቶ አምስተኛ ፎቅ የእኔ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል አሉ። ጸሐፊዋ ናት የነገረችኝ፤ አፍንጫዋን ይዛ።

ታኅሣሥ 20

እትዬ ልጆቼንም አታነጋግርም። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ሄዳ ተመለሰች። «ከአንቺ ጋር ጸብ የለኝም» አለቻት፣ ግን ግቢ ግቢም አላለቻት።

ተቆጣሁ በመጨረሻ። እኔስ ሰው አይደለሁም? ዋሽቼ መወደድ አቅቶኝ ነው? ሥራዬን አጣሁ፣ እሷንም አጣሁ። ላሞቹ ግን እዚያው ናቸው፣ ያመሰኩላታል።

ባለቤቴ አሁን ገብታ ብዕሩን አስቀምጥ አለችኝ፤ ፊትህ ያስፈራል አለችኝ።

ጥር 8

ኃላፊው ምድር ቤት ወረደ! በእግሩ። ሱሪውን ከውሃው እየሰበሰበ።

የወተት ሰዎቹ ካልፈረሙ ዕቅዱ አያልፍም። ከላይ ተቆጥተውታል። «እህትህን አነጋግርልኝ» አለ።

«አታነጋግረኝም።»

ይሄን ስል ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ደስታ ነው ይሄ?

ጥር 15

ምዕራፉ እንደገና ይጻፋል። ከወተት ሰዎቹ የተወከለችው እትዬ ናት። ሽቶን አልፈልግም ብላለች። ጸሐፊዋ ያለችውን ቃል በቃል ነገረችኝ፦ «ልጣላ ከሆነ ከጻፈው ሰው ጋር ነው የምጣላው። እሱን አምጡልኝ።»

ነገ ወደ ላይ እወጣለሁ።

ጥር 27

ዛሬ ጨረስን።

ከአሥር ቀን በላይ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠናል፣ እሷ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ፣ ኃላፊው መሀል እንደ ዳኛ። ሰላምታ የለም። የመጀመሪያው ቀን አንቱ አለችኝ። «እርስዎ የጻፉት ሁለተኛው መስመር አይገባኝም።» መጀመሪያ ለኃላፊው መስሎኝ ነበር። ለእኔ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ተሳስታ አንተ አላለችኝም።

ምግብ የራሱ ምዕራፍ አገኘ። ማቀዝቀዣው ተመልሷል፣ መኪናውም። የትምህርት ቤቶቹን አስገባን፤ የሆስፒታሉን ግን ኃላፊው «ይጠናል» በሚል ቃል ገደለው፣ ሁለታችንም ጮህንበት፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። «ይቀነሳል» የሚለው ላይ አራት ቀን ተናከስን። ይውጣ አለች። አይወጣም አልኩ። «መጀመሪያ» የሚለው ግን ሁሉም ቦታ ተመልሷል፣ እሷ ከእኔ በላይ ጨምራበታለች። መኖና ሕክምና ሳይደርስ የማንም ላም አትነካም። ቃሉ አልወጣም። ፈረመች። ብዕሩን ወረቀቱ ላይ ስትጫነው ይቀደዳል ብዬ ነበር።

ደረጃው ላይ ሮጬ ደረስኩባት።

«እትዬ።»

ቆመች። አልዞረችም።

«አንቱ ማለትሽን ተይኝ። ሌላውን እችለዋለሁ።»

ዞር አለች። ፊቷ ደክሟል፤ አርጅታለች፣ መቼ እንዳረጀች አላየሁም።

«አንተ የምለው ወንድሜን ነው» አለች። ወረደች።

ቤት ስገባ ባለቤቴ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «ምን አለች?»

«ፈረመች» አልኳት።