በገደሉ አናት ላይ የተተከሉት ጽዶች

ጌታሁን ሆዴ፣

ከተለያየን ይህ ሦስተኛው ክረምት ነው። ዘንድሮ ጉንደ ወይን ላይ ዝናቡ ቀድሞ ገብቷል። የቤቱን ቆርቆሮ በበጋ ስላስቀየርኩት ሳሎኑ ማፍሰሱን ትቷል። ልጃችን አልማዝ ባሕር ዳር ሴት ልጅ ወልዳለች። ሕፃኗ አፍንጫህን ወርሳለች፤ ስታድግ ይስተካከላል እያልኩ እናቷን አጽናናታለሁ። የላስቲክ ቦቲህ ከበሩ ሥር አለ። ስጠርግ አነሣውና መልሼ እዚያው አስቀምጠዋለሁ። ከመምህርነቴ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጧት የሚያስቸኩለኝ ነገር የለም። ወደ ድንጋይ ከሰሉ ማውጫ ትወርድበት በነበረው ሰዓት ግን እነቃለሁ፤ በሩን ቀስ አድርገህ ስትዘጋው የምሰማ ይመስለኛል።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ከሰል ማውጫው የገደል ግድግዳ ነው። ሸለቆው ውስጥ ተራራውን ቀጥ አድርገው ከቆረጡት በኋላ ከሥሩ ወደ ከሰሉ የሚገቡትን ዋሻዎች የቀየስከው አንተ ነህ። በአንዱና በሌላው ዋሻ መካከል ወፍራም የከሰል ምሰሶ ሳይነካ እንዲቀር አድርገህ ነበር። ሠራተኞቹ ይህን ሁሉ ከሰል ትተን እንዴት ይሆናል ብለው ሲያጉረመርሙ፣ ታዲያ ተራራውን እናንተ ትሸከሙታላችሁ ወይ እያልክ ታስቃቸው ነበር። ከግድግዳው አናት ላይ ደግሞ የዝናቡን ውኃ ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ አስቆፈርክ። ውኃ ከግድግዳው ጀርባ ከገባ ምሰሶው ብቻውን አያድንም ትል ነበር።

ሙት ዓመትህ እንዳለፈ ደሳለኝ ሠራተኞቹን ይዞ ቤት መጣ። በእጅህ ያሠለጠንከው ልጅ አሁን በቦታህ ሆኖ ሥራውን ይመራል። መታሰቢያ እንትከልለት አለኝ። ከግድግዳው አናት ላይ የጽድ ችግኞች ተከሉ፤ አንዷን በእጄ ተከልኩ። በጋውን ሙሉ በየተራ በጀሪካን ውኃ ተሸክመው አጠጧቸው። ውኃው እንዳይሸሽባቸው ብለውም ቦይህን በአፈር ደፈኑት። ይህን አይቼ ምንም አልመሰለኝም። መቃብርህ ዲማ ነው፣ ጉልበቴ ደግሞ እዚያ ድረስ መሄድ እምቢ ብሏል። ስለዚህ አንተን ማግኘት ስፈልግ የምሄደው ችግኞቹ ዘንድ ነበር።

በሰኔ ሚካኤል ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ወደዚያው ጎራ አልኩ። በዓል ስለሆነ ከታች ዶማ የሚያነሣ ሰው አልነበረም፤ ሸለቆው ጭር ብሏል። ከችግኜ አጠገብ ቁጭ እንዳልኩ ከሥሬ የጠጠር መንሸራተት ሰማሁ። ትንሽ ቆየና ደገመ።

ሥራው በተጀመረበት ዓመት በበዓል ቀን የበዓል ልብሴን እንደለበስኩ እዚያ ወስደኸኝ ነበር። ሌላው ሚስቱን ዘመድ ቤት ይወስዳል፣ የኔው ገደል አፋፍ ይወስደኛል ብዬ ሳቅሁብህ። ዝም በይ አልከኝ። በሥራ ቀን የዶማውና የመኪናው ድምፅ ይሸፍነዋል፤ ግድግዳ ሲላላ ድምፁ የሚሰማው ሰው በሌለበት በበዓል ቀን ነው አልከኝ። ትከሻህ ላይ ተደግፌ ብዙ ቆየን። ያን ቀን ምንም አልወደቀም። ያን ዝምታ አሁን እንዴት እንደምመኘው ብታውቅ!

ወደ ቤት ተመልሼ የጥቁር ሰሌዳ ማስመሪያዬን አመጣሁ። በግድግዳው አናት ላይ በነበረችው ቀጭን ስንጥቅ ግራና ቀኝ ሁለት የብረት ችካል ስትመታ የለካኸው በዚሁ ማስመሪያ ነበር፤ በችካሎቹ መካከል ልክክ ብሎ ይገባ ነበር። አሁን አጋድሜ ባስገባው በአንዱ ጫፍ በኩል ሦስት ጣቴ ገባ። ስንጥቋም ከችግኞቹ ሥር ለሥር ሄዳ ረዝማለች።

በማግስቱ ማለዳ ሰዎቹ ሳይገቡ ደሳለኝን አገኘሁት። ችግኞቹ ይነቀሉ፣ ቦዩ ይከፈት፣ እስከዚያ ከሥር ያሉት ዋሻዎች ይዘጉ አልኩት። እትዬ፣ እኛ እኮ እንደ ጋሼ መቃብር ነው የምናየው፣ መቃብር ይነቀላል እንዴ ብሎ ዓይኑ እንባ ሞላ። ማስመሪያውን ሰጠሁትና እስኪ ለካው አልኩት። ለካ። ከዚያ ወርዶ ዋሻዎቹን በእንጨት አጠራቸው።

የኔን ችግኝ ማንም ሳይነካት ራሴ ነቀልኩ። ሥሯ እርጥብ ነበር፤ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ስለነበር ለመላቀቅ አስቸገረኝ። ጌታሁን፣ አንተን ለሁለተኛ ጊዜ የቀበርኩህ ያህል ነበር።

ሠራተኞቹ ሌሎቹን ነቅለው ጉድጓዶቹን በጭቃ አፈር ሞልተው ረገጧቸው፤ ቦዩም ተከፈተ። ሆኖም በጋውን ሲሰርግ የከረመው ውኃ ሥራውን ሠርቶ ነበር። በሐምሌ መጀመሪያ ከባድ ዝናብ በጣለበት ቀን የግድግዳው አንድ ጎን ከነስንጥቁ ወረደ። የሁለት ዋሻዎችን አፍ ደፈነ። ከሥሩ ሰው አልነበረም። ምሰሶዎችህ ስለቆሙ ሌላው ግድግዳ አልተነቃነቀም። ማታ ሠራተኞቹ ልብሳቸው እንደረጠበ ቤት መጡ። ደሳለኝ ጉልበቴን ሊስም ሲያጎነብስ ከለከልኩት፤ ሁላችንም አለቀስን።

አሁን ስናፍቅህ የምቀመጥበት ጥላ የለኝም። ቦዩ ግን በእያንዳንዱ ዝናብ ደለል ይሞላል፤ መታጠፊያው ላይ ይብሳል። እሱን እንድጠርግ ለደሳለኝ ነግሬ ተፈቅዶልኛል። እስከምችል ድረስ የማስብህ እዚያ ነው። ይህን ስጽፍ ሰማዩ ጠቁሯል፤ አካፋዬን ይዤ ልውጣ።

ባለቤትህ ዘነበች