በሩ ወደ መንገድ

ጥር 24

የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ዋልኩ። ሰማያዊ በሰማያዊ... ዓይኔ ደከመ። ከሰዓት አከራዬ እትዬ እማዋይሽ መጡ። ቁጭ አላሉም። "አቻምየለሽ፣ ከፋሲካ በኋላ በረንዳውን እፈልገዋለሁ፤ ልጄ ሱቅ ሊከፍትበት ነው" አሉኝ። ምን ይባላል? የራሳቸው ነው። ፍኖተ ሰላም ሌላ በረንዳ አይጠፋም። ከዚያስ? ደግሞ ልቀቂ። አባቴ የተወልኝ ቦታ ማንኩሳ መንገድ ዳር ሣር ለብሶ ተቀምጧል። ቤት አቆምበታለሁ። ከፊት የስፌት ክፍል፣ ከኋላ መኝታ።

ጥር 30

ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን አናጢ አገኘልኝ። ደረሰ ይባላል። የጌታሁን ግቢ ከቦታዬ ጋር አጥር ለአጥር ስለሆነ እዚያው ተገናኘን። በገመድ ለካ። "ቋሚውን የተቃጠለ ዘይት እንቀባዋለን፣ ምስጥ አይበላውም" አለ። ለእኔ አይደለም፣ ለጌታሁን። ሁሉንም ለጌታሁን ነው የሚያወራው።

"በሩ ወደ መንገድ ነው" አልኩ።

ደረሰ ጌታሁንን አየ። ጌታሁን ራሱን ነቀነቀ። እሽ ማለቱ መሰለኝ።

የካቲት 8

ዩኒፎርሙን አስረክቤ ማንኩሳ ሄድኩ። ሚኒባሱ ሳይቆም ቤቱን አየሁት። ቋሚው ቆሟል፣ ማገሩ ተመትቷል፣ የጣሪያው እንጨት ወጥቷል። እንዴት ደስ አለኝ... ከዚያ በሩን ፈለግሁ። በመንገዱ በኩል ቋሚ በቋሚ፣ እንደ አጥር ጥቅጥቅ ብሏል። ዞሬ ሄድኩ። በሩ ከኋላ ነው። ወደ ጌታሁን ግቢ ነው የሚከፈተው።

"ደረሰ፣ በሩ?"

"ወንድምሽ እንዲህ አድርገው አለኝ።"

"እኔስ ምን አልኩህ?"

"እሱን ጠይቂው እቴ።"

ጌታሁን ቡሬ ገበያ ሄዷል አሉኝ።

የካቲት 9

መቀሱ እጄ ላይ ከበደኝ። ይቅር ብል ምን አለበት? ቤት ቤት ነው... ግን የሰው ጓሮ አቋርጦ ቀሚስ የሚያሰፋ ማነው? መንገደኛ የሚያየው ግድግዳ ብቻ ነው። አይሆንም።

የካቲት 11

ጌታሁንን አገኘሁት። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ጊዜውን አታይም? መንገድ ላይ በር ከፍተሽ ብቻሽን ልታድሪ ነው? ያመሸ ሁሉ ሊያንኳኳ? በእኔ በኩል ስትገቢ አውቃለሁ።"

"መግቢያ መውጫዬን ልትቆጣጠር ነው?"

"ልጠብቅሽ ነው እንጂ! የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥይ።"

ፍርሃቱ እውነት ነው። መንገዱ ሲዘጋ፣ ሰው በጊዜ በሩን ሲቆልፍ እኔም አይቻለሁ። ግን በምን ልብላ? ጭቃ መራጊዎቹ በሚመጣው ሳምንት ይጀምራሉ አለኝ። ከተመረገ በኋላ ማን ያፈርሰዋል?

"በሩ ሳይዞር አንድ እፍኝ ጭቃ አይነካውም" አልኩት።

የካቲት 13

ጭቃ መራጊዎቹ ዘንድ ራሴ ሄጄ ቆዩ አልኳቸው። ደረሰን ደግሞ በሩን አዙረው አልኩት።

"ከወንድምሽ ጋር ስትስማሙ ጥሩኝ" ብሎ መጋዙን በጆንያ ጠቀለለ። ሊሄድ ሲል እየሳቀ፣ "ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ይባል የለ?"

መልሱ የመጣልኝ ሚኒባስ ውስጥ ነው... ምን ይሠራል።

የካቲት 17

ሌሎች አናጢዎች አነጋገርኩ። አንዱ "ባልሽን ይዘሽ ነይ" አለኝ። ባል የለኝም። ሌላው "እንግዲያው ወንድምሽን።" ቤቱ ያለ ቆርቆሮ ቆሟል። ዛሬ ደመና ነበር። ቢዘንብስ?

የካቲት 20

ቡሬ ጋሽ ስመኘው የሚባሉ ጎበዝ አናጢ አሉ ብለውኝ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው። የአልጋ እግር ሲልጉ አገኘኋቸው። ሥራቸውን አቁመው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከማን ጋር መጣሽ አላሉም። ልቤ ተስፋ አደረገ።

"ልጄ፣ ሌላ ሰው የጀመረውን እንጨት አልነካም። አናጢው ይልቀቅልሽ። ያን ጊዜ እመጣለሁ።"

"ባይለቅልኝስ?"

"ልቀቅ ብለሽዋል?"

አላልኩም። ከሄደ ወዲህ አንድም ቀን ደጁ አልደረስኩም። አኮረፍኩ እንጂ።

የካቲት 21

ማርያም ናት። ደረሰ ሥራ አይሠራም፣ ቤቱ ይኖራል ብዬ ከቅዳሴ መልስ ሄድኩ። ሚስቱ እህተ ማርያም በርጩማ ሰጠችኝ። አልተቀመጥኩም።

"ወይ መጥተህ በሩን ታዞራለህ፣ ወይ ትለቅና የቡሬው ጋሽ ስመኘው ያዞሩታል። አንዱን ንገረኝ።"

"ጌታሁን ይቀየመኛል። አንድ ማኅበር ነን።"

"እኔ ስቀየምህ ምንም አይደል?"

እህተ ማርያም ምስር ትለቅማለች። ቀና ሳትል፣ "ቤቱ የማን ነው ደረሰ?" አለችው።

"የሷ።"

"እና?"

መሬት መሬት ሲያይ ቆየ። "ነገ እመጣለሁ" አለ። ለእኔ ነው ያለው። ፊቴን እያየ።

የካቲት 22

መጣ። በመንገዱ በኩል ያለውን ማገር ነቀለ። ሚስማሩ ሲወጣ ይጮሃል፤ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ቋሚዎቹን ሲያነሳ ከላይ ያለው እንጨት እንዳይወርድ ድጋፉን ይዤ ቆምኩ። ትከሻዬ ተላጠ። ጌታሁንም ከግቢው ወጣ።

"ምን እያደረግህ ነው ደረሰ?"

"የቤቱ ባለቤት ያለችኝን።"

ጌታሁን ወደ እኔ ዞረ። ይሳደባል ብዬ ጠበቅሁ። "አንድ ነገር ብትሆኝ እኔን እንዳትወቅሽኝ" አለ ቀስ ብሎ።

"አልወቅስህም ወንድምዓለም።"

ሄደ። ልከተለው ፈልጌ ነበር... ድጋፉን ማን ይይዛል? አልለቀቅኩም።

መጋቢት 14

ቆርቆሮው ተመታ። ጭቃው ተመረገ። ጌታሁን እስካሁን አያናግረኝም። ስንተላለፍ ሰላም የሚለው ደረሰን ነው።

መጋቢት 30

በሩ ተገጠመ። ከሰዓት ጌታሁን ብረት ተሸክሞ መጣ። ብየዳ ቤት ያሠራው መቀርቀሪያ ነው፣ ክንድ የሚያህል። "ሲመሽ ከውስጥ ዝጊው" አለ። ደረሰ ሊቀበለው እጁን ዘረጋ። አልሰጠውም። ራሱ መታው። ጠመም ብሏል፤ ይዘጋል ግን። ሽሮ አቀረብኩ። ቁጭ ብሎ በላ።

ግንቦት 6

ከገባሁ ሰነበትኩ። የስፌት መኪናዬን በሩ አጠገብ አድርጌያታለሁ፣ ብርሃን አለ። ዛሬ ደረሰ መደርደሪያ ሲገጥምልኝ አንዲት ሴት ጨርቅ ይዛ ገባች። አምለሰት ትባላለች። የፈረስ ቤት ከተማ ሰው ናት፣ እህቷን ልትጠይቅ መጥታ። ስለካት ግድግዳውን፣ ጣሪያውን ታያለች።

"አናጢውን ማን አነጋገረልሽ?"

"ራሴ።"

ወደ በሩ ዞር አለች። "ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ዘሟል። ላሠራው ነበር... ማንን ይዤ ልምጣ?"

"ማንንም። ብቻሽን ነይ።"

ደረሰ ከመሰላሉ ወረደ። ምን ይላት ይሆን ብዬ መርፌዬን ያዝኩ። እጁን በሱሪው ጠራርጎ ፊት ለፊቷ ቆመ።

"በሩን በየት በኩል ትፈልጊዋለሽ?" አላት።