የመኪናዬ ንዝረት ወደ እናቴ እጅ ስለ መዛወሩ

ሐሙስ፣ የካቲት 6። የጠዋት ቆጠራ፦ የተነዳ መንገድ 62 ኪሎ ሜትር። ንዝረት የለም። የተሰነጠቀ ብርጭቆ የለም። ተሳፋሪ የለም።

ለተከበሩ የጥገና ክፍል ኃላፊ፣

ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለተቀመጡበት ወንበርም ጽናት እመኛለሁ። ወንበሩን ያነሳሁት በአራቱም ጉብኝቶቼ በቢሮዎ መስታወት በኩል ስላየሁት ነው፤ አንድም ቀን ሲነቃነቅ አላጋጠመኝም፣ ለዚህም ተመስገን ብያለሁ።

እኔ የብርጭቆና የሳህን ነጋዴ ነኝ። ብርጭቆ የሚጭን ሰው ስለ ንዝረት ሳይወድ በግዱ ያውቃል። በየቀኑ ማስታወሻ የመያዝ ልማድም አለኝ፤ ይህ ደብዳቤ አብዛኛው ከዚያው የተገለበጠ ነው። ማንም የሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ ያደረግሁትም በእንግዳ መቀበያዎ የሚጠብቁ ደንበኞች የሚያነቡት እንዳያጡ በማሰብ ነው፤ እዚያ ያለው መጽሔት ሽፋኑም መካከሉም የለም። ምስጋናዬን እንዳልዘነጋ በቁጥር አስቀምጫለሁ።

1. ጥቅምት 12 ቀን ባለ ሰባት መቀመጫው ትልቁ መኪናዬ ከሥሩ ዘይት ያንጠባጥብ ስለነበር ወደ እናንተ አመጣሁት፣ ባለሙያዎችዎም ፍሳሹን አቆሙልኝ፤ እጃቸው ይባረክ። በማግስቱ ፍጥነቱ በሰዓት ሰማንያ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ መቀመጫው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መቶ አምስትን ሲያልፍ ደግሞ ይተዋል። አንድ ችግር አስረክቤ ሌላ ተረክቤ ወጣሁ ማለት ነው። ነጋዴ ነኝና ልውውጥ አያስከፋኝም፤ ቢነገረኝ ኖሮ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

2. አራት ጊዜ ተመልሼ ስመጣ አራቱንም ጊዜ መኪናዬን በጥንቃቄ ስለመረመራችሁልኝ አመሰግናለሁ። የደንበኛ መኪና ከግቢ እንዳይወጣ የሚያዘውን ደንባችሁን፣ በግቢው ውስጥም ከሃያ በላይ መንዳት የሚከለክለውን ሰሌዳ አክብሬ አንብቤአለሁ። ስለዚህም መርማሪዎ በሰማንያ አምስት የሚጀምረውን ንዝረት በሃያ ሲፈልገው፣ በግቢው መካከል ያለውን የውኃ ታንከር ሦስት ጊዜ ሲዞር ተመለከትኩ። ሰውየው በእውነት ፈልጓል፤ ያልጠፋበት ቦታ መፈለጉ የእሱ ጥፋት አይደለም። አብሬው ልሳፈርና ላሳየው ብጠይቅ ደንበኛ እንደማይሳፈር በትሕትና ነገረኝ። ከዚያ መኪናው ታጥቦ፣ «ጉድለት አልተገኘም» የሚል ባለ ክብ ማኅተም ወረቀት ታክሎበት ይመለስልኛል። እጥበቱ ግሩም ነበር።

3. የኋላው መስኮት ብቻውን ሲከፈት አየሩ ውስጥ ገብቶ ድም፣ ድም እያለ ጆሮ እንደሚደልቅ በጽሑፍ አመልክቼ ነበር። መርማሪዎ አቧራ እንዳይገባበት መስኮቶቹን ሁሉ ዘግቶ ፈተነው፣ ድምፁም አልተሰማም። የተሰጠኝ ምክር መስኮቱን እንዳልከፍተው ነበር። የዚህን ምክር ጥበብ እስከ አሁን አሰላስለዋለሁ፤ በዚሁ ከቀጠላችሁ የሚያፈስ ጣሪያ ላለው ሰው ዝናቡን እንዲተው ልትመክሩት ትችላላችሁ።

4. ይህኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሱኝ። እናቴ መስከረም መጀመሪያ ላይ ስትሮክ መታትና ቀኝ እጇ ደከመ። በሳምንት ሁለት ቀን ለእጅ ማሠልጠኛ ሕክምና ስልሳ ሁለት ኪሎ ሜትር አመላልሳታለሁ፤ ሐኪሟ እንደነገረን ከስድስት ወር በኋላ እጅ የተማረውን ብቻ ይዞ ይቀራል። የምትቀመጠው ከኋላ በስተቀኝ ነው። መድኃኒቱ ስለሚያቅለሸልሻት መስኮት ትከፍታለች፤ ስትከፍት ጆሮዋ ይደለቃል፣ ስትዘጋ ያጥወለውላታል፣ በሁለቱም መካከል መቀመጫው ይንቀጠቀጣል፣ ጭኗ ላይ ያለው እጇም አብሮ።

ጥር 4 ቀን፣ በአራተኛው ምርመራ፣ አብራኝ መጥታ በእንግዳ መቀበያው ተቀምጣ ነበር። መርማሪዎ ደግ ሰው ነው፤ ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ ጎንበስ ብሎ፣ «እማማ፣ አይስጉ፤ ይህ መኪና ከእኔም ከእርስዎም ይልቅ ጤነኛ ነው» አላት። እናቴ ለጨዋነት ሳቀችለት። ከዚያ እጇን አየችውና ከሻርፗ ሥር አስገባችው።

ቤት ስንደርስ፣ «መኪናው ደህና ከሆነ የምንቀጠቀጠው እኔ ነኛ» አለችኝ። «ገና መንገድ ላይ ሳለሁ ይጀምረኛል፣ ቤት ስገባ ይተወኛል። እየባሰብኝ ያለው ከዚያ ሕክምና ነው፤ ከእንግዲህ አልሄድም።» ነገሯ በሂሳብ ሲታይ እንከን የለበትም፤ አንደኛው ቁጥር የእናንተ ስለሆነ ብቻ ነው ድምሩ የተበላሸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ዘጠኝ ቀጠሮ አልፏል። ስድስት ወሩ ሊሞላ የቀረን ሦስት ሳምንት ገደማ ነው።

ወረቀቱን ጮክ ብዬ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። «ይኸው እማዬ፣ ማኅተም አለው» ብያታለሁ። ይህን በእርስዎ ላይ አልጽፍም፤ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ በራሴ ገጽ ሰፍሯል።

5. በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም ይባላል፤ የእኔ መኪና ግን በሽታውን አልደበቀም፣ የሚጠይቀው አጥቶ እንጂ። ስለዚህ እኔው ጠየቅሁት። የፊትና የኋላ ጎማዎችን ባላንስ አሠርቼ ቦታ አቀያየርኳቸው፤ ንዝረቱ አልተዛወረም፣ ስለዚህ ጎማ አይደለም። በዘጠና ላይ ማርሹን ነፃ አድርጌ ለቀቅኩት፤ ሞተሩ ዝም አለ፣ መቀመጫው አላለም፣ ስለዚህ ሞተር አይደለም። መሪው አይንቀጠቀጥም፣ ስለዚህ ከፊት አይደለም። ውኃ የሞላ ብርጭቆ በየመቀመጫው ሥር አስቀመጥኩ፤ ብዙ የፈሰሰው ከኋላ ነው። የቀረው ከማርሽ ሳጥን እስከ ኋላ ጎማ የሚደርሰው ረጅሙ ዘንግ ነበር።

ባለፈው ሰኞ በሰፈራችን ጡረታ ወጥተው ወደሚኖሩ፣ «ጆሮው» ወደምንላቸው መካኒክ ወሰድኩት። ከሥሩ ተንሸራተው ገቡና ብዙም ሳይቆዩ፣ «ና እስቲ፣ ና ጎንበስ በል» አሉኝ። ዘንጉ ከኋላ በሚታሰርበት ቦታ ፋብሪካው ሁለት ነጭ የቀለም ነጥቦች አድርጓል፤ ሲገጠም ፊት ለፊት መተያየት አለባቸው። አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ያያል። «እንደተኳረፉ ባልና ሚስት ጀርባ ተሰጣጥተዋል። ዘይቱን ያቆመልህ ሰው ዘንጉን ፈትቶ ሲመልስ ግማሽ ዙር አዙሮ አሰረው። ማን ነው?» አሉኝ። አከብራችኋለሁና ስማችሁን አልነገርኳቸውም።

አራት ብሎን ነበር። ተፈታ፣ ዞረ፣ ታሰረ። አርባ ደቂቃ አልሞላም። የመስኮቱ ነገር ደግሞ መፍቻም አልፈለገም፤ የቀኙ የኋላ ሲከፈት የግራውን የፊት ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ማድረግ፣ አየሩ መውጫ ሲያገኝ መደለቁን ይተዋል። «ጆሮው» ይህን የነገሩኝ እጃቸውን እየታጠቡ ነው።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። መኪናው ድኗል፣ እናቴ ግን አልተሳፈረችም። ቀለሙን፣ ብሎኑን፣ ያልፈሰሰውን ብርጭቆ ሁሉ ነገርኳት። «አንተ ልጄ ነህ፣ እኔን ደስ ለማሰኘት ትላለህ። እነሱ ግን አራት ጊዜ አይተው በማኅተም ጽፈዋል» አለችኝ። ስለሆነም ክቡርነትዎ በስሟ አንድ አምስተኛ ወረቀት እንዲጽፉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። አጭር ይሁን፦ የሚንቀጠቀጠው መኪናው ነበር፣ እርስዎ አልነበሩም። ካሣ አልጠይቅም፣ ይቅርታም አያስፈልግም፤ በፊርማ ብቻ እንዳያስቀሩት እንጂ፤ እናቴ ዓይኗ ደክሟል፣ ፊርማ አታነብም፣ ወረቀቱን አጎብጦ የሚወጣውን ክብ ማኅተማችሁን ግን በጣቷ ዳስሳ ታውቃለች።

ለአራቱ እጥበቶች ባለ ውለታዎ፣ ለወንበርዎ ጽናት የዘወትር ተመኝ፣ የብርጭቆና የሳህን ነጋዴው ደንበኛዎ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ምናልባት ወረቀቱን ከመጻፍዎ በፊት እናቴን መመርመር ያስፈልጋል የሚል ደንብ ካለ፣ የውኃ ታንከሩን ሦስት ጊዜ ለመዞር አቅም የላትም። መስኮቱ ተዘግቶ ግን መቀመጥ ትችላለች፤ በአራቱ ወረቀቶቻችሁ ምክንያት አንድ ወር ሙሉ ቤት ውስጥ የኖረችው እንደዚያ ነው።

ነገ፦ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከጥገና ክፍሉ ቢሮ በር መገኘት፣ ይህን ደብዳቤ ሰጥቶ ወረቀቱን መቀበል። ከዚያ እማዬ ጋ። ቀጠሮዋ አምስት ሰዓት ነው። የቀኝ የኋላ መስኮት ግማሽ፣ የግራ የፊት ሁለት ጣት።