ሞተሩ ሲያልፍ እሺ ስላልኩት አደራ

ለተከበሩ የከተማችን የድምፅ ብክለት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለመላ አካልዎ ጤና፣ ለጆሮዎ ደግሞ የተለየ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ እስካሁን ጆሮዎን ሳያደክሙ በክብር ስላቆዩት ምኞቴ እንደሚሰምር አልጠራጠርም። እኔ በዋናው መንገድ ዳር ባለች ባለ አንድ መስኮት ክፍል ውስጥ መጋረጃ እየሰፋሁ የምኖር ሴት ነኝ። በመልክ ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ ጽሕፈት ቤትዎ በሞተር ሳይክሎች የጭስ ማውጫ ጩኸት ላይ ሕዝብ ባወያየ ዕለት በሩ አጠገብ ተቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እጄን አውጥቼ ነበር። የመናገር ዕድል ባይደርሰኝም፣ ማሽን ላይ ሲጎብጥ ለሚውል ክንድ ጥሩ ማፍታቻ ስለሆነልኝ አመሰግናለሁ።

ያን ዕለት ያልተናገርኩትን አሁን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎ በተራ ቁጥር ያልቀረበ ሐዘን እንደማይቀበል ተነግሮኛልና።

አንደኛ፣ ስለ ውይይቱ። ባለሙያዎ ጩኸቱ በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ገና በጥናት እንዳልተረጋገጠ ሲያብራሩልን በመስኮቱ ሥር አንድ ሞተር አለፈ፤ እሳቸውም ንግግራቸውን አቋርጠው፣ ውኃ ጠጥተው፣ ድምፁ እስኪርቅ ጠበቁና ካቆሙበት ቀጥለው ጉዳት እንደሌለ አስረዱን። አዳራሹ በሙሉ አብሯቸው ጠበቀ። ከእኔ በቀር የሳቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም ሐዘንተኛ ስለሆንኩ ሳቄን በነጠላዬ ሸፈንኩት። የሞተረኞቹ ተወካይ ደግሞ መኪና ነጂ ባያየን እንኳ ይስማን፣ ድምፃችን ነፍሳችን ነው ብሎ ተከራከረ፤ ይህን አልነቅፍም፣ እነሱም የሰው ልጆች ናቸው። መካኒኩ ማርሚታውን፣ ማለትም ጩኸቱን አፍኖ የሚያስቀረውን ዕቃ፣ የሚፈታው ደንበኛ ስለጠየቀው እንደሆነ ተናገረ። በመጨረሻም ክቡርነትዎ ሁሉም ወገን ተከባብሮ እንዲኖር አሳስበው ስብሰባውን ዘጉ። ከዚያ ወዲህ ሞተሮቹ በቤቴ በር ላይ እየተከባበሩ ያልፋሉ።

ሁለተኛ፣ ስለ እናቴ። እናቴ በደኅናው ዘመኗ ከግቢ ሆና ስትጣራ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎረቤት አቤት የሚል ሴት ነበረች። ስትሮክ ግራ ጎኗን ከያዘው በኋላ ግን ድምፅዋ እየሰለለ ሄዶ ጆሮዬን ከአፏ ካላስጠጋሁ የማይሰማ ሆነ። ሐኪሙ ጸጥታ ያስፈልጋታል ስላለኝ ለጽሕፈት ቤትዎ አመለከትኩ፤ መስኮቱን ዝጊ የሚል ምክር በነጻ ተሰጠኝ። ዘጋሁት። አልበቃ ሲል ከደንበኞች የተረፈ ወፍራም ጨርቅ እየደራረብኩ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩ፤ ለሰው መጋረጃ ስሰፋ የኖርኩ ለራሴ ግድግዳ ሰፋሁ። እናቴ በሙቀት ወዛች እንጂ ጩኸቱ አልቀረልንም።

እንግዲህ ሰው ሁሉን ይለምዳልና እኛም ለመድን። መናገር ስትፈልግ ቀለበቷን ከአልጋው ብረት ጋር ታጋጫለች፣ እኔ ማሽኔን አቁሜ ጎንበስ እላለሁ፣ እሷም በአንዱ ሞተርና በሚቀጥለው መካከል የምትገባ አጭር ነገር ትነግረኛለች። ውኃ። ትራሱን። ወንድምሽ ደወለ? ከዚያ የሚረዝም ነገር አንዱ መጥቶ ይቆርጠው ስለነበር፣ ተረት አዋቂዋ እናቴ በስተርጅና ቁጥብ ተናጋሪ ሆነች። ለዚህም ጽሕፈት ቤትዎ ይመስገን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቀለበቷን አጋጨች። ማሽኑን አቁሜ ጎንበስ አልኩ። ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል መናገር ጀመረች፤ ወዲያው የሰፈራችን ሰው ነጎድጓድ የሚለው ሞተረኛ ከላይ ቁልቁል መጣ። መስታወቱ ሲንቀጠቀጥ፣ መቀሱ ጠረጴዛው ላይ ሲንሸራተት፣ የእናቴ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ቃል ግን አልሰማሁም። ከታመመች ወዲህ ያን ያህል ረጅም ነገር ተናግራ አታውቅም ነበር። ጨርሳ ዝም ስትል ድምፁ ገና አላለፈም። መልሴን እየጠበቀች ታየኛለች፣ ግንባሯ በላብ ረጥቧል፣ ድገሚልኝ ብዬ ላደክማት አንጀቴ አልቻለም። ስለዚህ ልጅ ለእናቱ የሚለውን አልኩ፤ እሺ እማዬ አልኩ። ፊቷ ፈታ አለ፣ እጄን ጨበጥ አደረገችና ተኛች። ስትነቃ ቀስ ብዬ እጠይቃታለሁ ብዬ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። አልነቃችም።

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣ የሟች አደራ ምን ያህል እንደሚከብድ ለእርስዎ ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ነው። አደራ በላ መባልን የመሰለ ስድብ በቋንቋችን የለም። እኔ ግን የምጠብቀውን አደራ የማላውቅ፣ ልብላው ላድርሰው የማልለይ ሰው ሆኛለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ታላቅ ወንድሜ። ከሚሠራበት አገር ደርሶ ገና እንባው ሳይደርቅ ምን አለችሽ ብሎ ጠየቀኝ። አልሰማኋትም፣ ሞተር እያለፈ ነበር አልኩት። ክቡርነትዎ ቢሆኑ ያምኑ ነበር? እሱም አላመነም። የደበቅኩት ነገር ያለ መስሎት፣ እናታችን ለእሱ የተናገረችውን ቃል ሆዴ ውስጥ የቀበርኩ መስሎት፣ ተቀይሞኝ ሄደ። አሁን ስደውልለት ለባዕድ እንደሚመልሱት ደኅና ነኝ፣ አመሰግናለሁ ይለኛል። ሁለት ነን፤ ሌላ እኅት ወንድም የለንም።

ከዚያ ወዲህ በግምት አደራ እወጣለሁ። ምናልባት ከአክስትሽ ጋር ታረቂልኝ ብላኝ ይሆናል ብዬ፣ በእናቴ ቂም ዘመኔን ሙሉ ደጇን ያልረገጥኩትን አክስቴን ሄጄ አንኳኳሁ። አክስቴም ነገሩን ከሰማች በኋላ እኅቴን አውቃታለሁ፣ ይህን አላለችም፤ ከመጣሽ ግን ግቢ አለችኝ። የእናቴን ጋቢ ለጎረቤታችን ሰጠሁ፣ መልሼም ይህስ ባይሆን ብዬ ተጨነቅኩ። ዳሩ ያልሰሙትን ቃል በምን ይፈጽሙታል?

አራተኛው ነጎድጓድን መክሰሻ እንዲሆን ነበር ያሰብኩት፤ አልሆነልኝም። ወሬውን ማን እንደነገረው አላውቅም፣ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ዕለት ሞተሩን ማዕዘኑ ላይ አጥፍቶ እስከ በሬ በእጁ እየገፋ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። እትዬ፣ እናቴ ከሩቅ በድምፁ ትለየኛለች፣ ልጄ በሰላም ገባ ትላለች፣ ለዚያ ነበር አለኝ። የሱ እናት እንድትሰማ የኔ እናት ሳትሰማ ቀረች። በማግሥቱ ማርሚታውን አስገጠመው። አሁን እናቱ ሲመሽ ደጅ ወጥታ ቆማ ትጠብቀዋለች፤ ሳልፍ ሰላም እላታለሁ፣ እሷም ለምን እንደማለቅስ አይገባትም። ጥናት ሳያጠና፣ ሰው ሳያወያይ ጉዳዩን በአንድ ቀን የጨረሰ ይህ ልጅ ብቻ ነው። ሌሎቹ እንደ ድሮው ያልፋሉ፤ እነሱን ለክቡርነትዎ ትቻለሁ።

ካሣ አልጠይቅም፣ ማንም ይታሰርልኝ አልልም። ስልክ በደወልኩ ቁጥር ጸሐፊዎ ላሳዩኝ ትሕትና፣ ሳልጨርስ እሺ ስላሉኝም ምስጋናዬ ይድረሳቸው። እሺ ማለት ሳይሰሙም እንደሚቻል ዘግይቼ ተምሬአለሁ፤ ልዩነታችን እኔ እንቅልፍ ማጣቴ ነው።

ለጽሕፈት ቤትዎ ድርብ መስታወት፣ ለወንበርዎ ዕድሜ፣ ለእናትዎ በሕይወት ካሉ የሚሰማ ድምፅ እየተመኘሁ፣
ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
መጋረጃ ሰፊዋ፣ የሟች ልጅ

ማስታወሻ፦ ጥናቱ ሊጠናቀቅ መቃረቡን ሰምቻለሁና እንኳን ደስ ያለዎት። ታትሞ ሲወጣ ሙሉውን ላኩልኝ ብዬ አላስቸግርዎትም። እናቴ ምን እንዳለች የሚናገር ገጽ ካለው ግን እሱን ብቻ ቀድተው፣ ለእኔ ሳይሆን ለወንድሜ ይላኩለት።