የበርበሬ ቀማሽ ጨጓራ

ኅዳር 4፣ ጠዋት 12፡30
ሳይሜቲዲን አንድ፣ የጨጓራ ኪኒኔ፣ በውኃ። ከዚያ ወደ ቆሼ ከተማ ገበያ የሚሄደው መኪና። ደብተሬ፣ እንጀራዬ መንከስ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሻጭ ጆንያ ይፈታል፣ እኔ ከሥር አንድ ዛላ በርበሬ መዝዤ እነክሳለሁ። አዲስ አበባ ያሉት ነጋዴ፣ ሀጂ፣ ሳያዩ ይገዛሉ። ሸምሱ ቀምሶታል ከተባለ አለቀ።

ማታ። ሠላሳ ጆንያ ቀመስኩ። ደረቴ እሳት። አምና ይቺ ኪኒን በግማሽ ሰዓት ጸጥ ታደርገኝ ነበር። ምን ነካት?

ኅዳር 8
ሁለት ሁለት ጀመርኩ። ለሁለት ቀን ሻል አለኝ፣ ዛሬ ያው። መድኃኒት ቤቱ ሌላ ስም ያለው ሰጠኝ። የዚያችው እህት ናት መሰለኝ፣ ምንም አልፈየደችም። ባለቤቴ ራህመት አጥሚት ብትሠራልኝ ጮህኩባት። ምን አጠፋች? ከንቱ ነኝ።

ኅዳር 11
ጤና ጣቢያ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ግን ሰው ያዳምጣል። በየቀኑ ሲወሰድ ሰውነት ይለምደዋል፣ መጠኑን ብትጨምርም መልሶ ይለምዳል አለኝ። ስንት ጊዜህ ነው? ሁለት ዓመት ስለው ብዕሩን አስቀመጠ። አታት ሆስፒታል ሄጄ እንድመረመር ወረቀት ጻፈልኝ። እስከዚያው በርበሬ አቁም አለኝ! ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ካልቀመስኩ ምኔ ሰው ነው? ፈራሁ። በቃ፣ ፈራሁ።

ኅዳር 14፣ ቆሼ፣ ሻይ ቤት
ነውር ሠራሁ። ዛላውን ወደ አፌ አስጠጋሁና ያኘክሁ መስዬ ኪሴ ከተትኩት። ጥሩ ነው አልኩ። በዓይኔ ብቻ! አሥራ ሁለት ጆንያ ተጫነ። አንዲት አሮጊት ሻጭ አይታኛለች። «ሸምሱ፣ አሞሃል እንዴ ልጄ?» ብላ ወደ ጆንያዋ ዞረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 17
ሀጂ ቴሌ አስጠርተው በስልክ አናገሩኝ። ከአሥራ ሁለቱ በአራቱ ጆንያ ውስጥ የአምና በርበሬ ተቀላቅሏል። አልተቆጡም፤ ሻጭ ነው ያታለለህ፣ ሰው ነህ አሉኝ። እውነቱን ሳልነግራቸው ስልኩን ዘጋሁ።

ቤት ገብቼ ለራህመት ሁሉንም ነገርኳት። ከጓዳ ሦስት ዛላ አመጣች። ነከሰች። ይሄ የአምና፣ ይሄ እርጥብ መሬት ላይ የደረቀ፣ ይሄ ደህና አለችኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ለቤት ያመጣሁትን በርበሬ የሚለቅመው ከእሷ ሌላ ማን ሆነና! አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም።

ኅዳር 18፣ ጠዋት 12፡00
ቆርጫለሁ። መጀመሪያ ቴሌ፣ ለሀጂ እውነቱን። ያልቀመስኩት እኔ ነኝ ብዬ። ከዚያ እኔ አታት፣ ራህመት ቆሼ። ከዛሬ ጀምሮ የምትነክሰው እሷ ናት። ወንዶቹ ይሳቁ።

ለጨጓራዋ ሰግቼ ጥቂት ጥቂት ብቻ ዋጪ አልኳት። ተገረመች። «ለምን እውጠዋለሁ? ነክሼ እተፋዋለሁ እንጂ!»

ደብተሬ፣ ሻጩ ፊት መትፋት በርበሬውን ማዋረድ መስሎኝ፣ እኔ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ዋጥኩት።